በሐሰት ያለፈው ፈተና፦ ለመምህር ይስማው ዓለሙ መታሰቢያ

መምህር ይስማው ዓለሙን ለምታውቁ ሁሉ፦

መምህራችን ዐርፈዋል። በፍልሰታ ጾም በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ጎንደር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ አጠገባቸው ተቀምጠው ሳሉ ሕይወታቸው አልፏል። የወሰዳቸው ሁለት ዓመት ያህል ሲያሠቃያቸው የቆየው የኩላሊት ሕመም ነው። በማግስቱ አባታቸው ቅኔ ሲያስተምሩ በኖሩበት ደብር ተቀበሩ። ዝናቡ አላቋረጠም ነበር፤ መንገዱም ሰላም ስላልነበረ ከከተማው ውጭ ያላችሁ ልትደርሱ አልቻላችሁም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ስለ ሰነበተ ወሬውን እንኳ ያልሰማችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ይህን ጽፌያለሁ።

እኔ ስመኝ እባላለሁ። መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ በኋላም እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ከእሳቸው ጋር አንድ ቢሮ ተጋርቼ ያስተማርኩ ነኝ። ከእኔ ይልቅ በእውቀትም በዕድሜም የሚቀርቧቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ስለ መምህር ይስማው ሊነገር የሚገባውን ዋና ነገር አብሬያቸው ሆኜ ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መምህር ይስማው የቅኔ መምህር ልጅ ነበሩ። እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ድረስ በአባታቸው ጉባኤ ተምረዋል፤ ድቁናም ተቀብለው ነበር። ወደ አስኳላ የገቡት ከእኩዮቻቸው ዘግይተው ነው። ሒሳብ ወደዱ፤ ከሒሳብ ወደ ኮምፒውተር ተሻገሩ። ተማሪዎች «የኔታ» እያልን የምንጠራቸው መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀልድነቱ ጠፋና ስማቸው ሆኖ ቀረ።

ብዙዎቻችሁ ሥራቸው ምን እንደ ነበር በትክክል አታውቁም። እሳቸውም ቢጠየቁ «እርማት ነው የምሠራ» ብለው ያልፉ ነበር። ላስረዳችሁ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የጻፈው ነገር ልክ መሆኑን የሚመረምሩ ሌሎች ትንንሽ ፕሮግራሞችን አብሮ ይጽፋል። እነዚህ ፈተና ይባላሉ። በእያንዳንዱ ፈተና መጨረሻ ላይ «የተጠበቀውና የተገኘው አንድ ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ማረጋገጫ አለ። አንድ ከሆኑ «አልፏል» ይልና አረንጓዴ ያሳያል፤ ካልሆኑ «ወድቋል» ብሎ ቀይ ያሳያል። ማወዳደሩን የሚሠሩት፣ ልዩነቱንም ለሰው የሚናገሩት አጋዥ ማረጋገጫዎች የሚባሉት ናቸው። መምህር ይስማው ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ክፍት በሆነ አንድ የፈተና ማዕቀፍ፣ ማለት ማንም ወስዶ ፈተናውን በሚጽፍበት የጋራ መሣሪያ ውስጥ እነዚህን አጋዥ ማረጋገጫዎች ሲያርሙና ሲያሻሽሉ ኖሩ። ደመወዝ የለውም። ምስጋናም እምብዛም የለውም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ፕሮግራሜ አልሠራ ብሎኝ ኮምፒውተሩን አዙሬ አሳየኋቸው። በማያ ገጹ ላይ የወጣው መልእክት በእንግሊዝኛ «ሐሰት እውነት አይደለም» የሚል ብቻ ነበር። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡትና ሣቁ።

«ይህንንማ አባቴም ነግረውኛል» አሉ።

ከዚያ ሣቃቸውን አቁመው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ተመልከቺ ስመኝ፤ ወድቋል ማለት ብቻውን ለማንም አይበቃም። ምን ተጠብቆ ምን ተገኘ? የት ላይ ተለያዩ? ይህን የማይነግር ማረጋገጫ ከዲዳ ዳኛ አይሻልም፤ ይፈርዳል፣ ምክንያቱን አይናገርም።» መልእክቱን የሚያነበው ሰው ደክሞታል፣ ተቸግሯል፣ ብቻውን ነው ብለን እንድንጽፍ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ተማሪ ሲሳሳት ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ የስሕተቱን ቦታ ሳያሳዩም አልፈው አያውቁም።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ከደምቢያ በኩል አንድ ጤና ጣቢያ እርዳታ የጠየቀው። የካርድ ክፍላቸው በወረቀት ተጨናንቆ፣ አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ ብሎ የጻፈውን ሌላው ሃይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ እያለ እየጻፈው የታካሚን ካርድ ማግኘት ራሱ ሕመም ሆኖ ነበር። መምህር ይስማው በፈቃደኝነት እንሥራላቸው አሉ፤ ሦስት ተማሪዎችን መረጡ። እኔ የደረሰኝ ካርድ የሚፈልገው ክፍል ነው። እሳቸው ደግሞ ለፈተናዎቻችን የሚሆን አጋዥ ማረጋገጫ ጻፉልን። «ተመሳሳይ ስም» ብለው የሰየሙት ነበር። እሳቱ ሰ ይሁን ንጉሡ ሠ፣ ሃሌታው ሀ ይሁን ሐመሩ ሐ፣ በድምፅ አንድ እስከ ሆኑ ድረስ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ጸሐፊዎቹ በፊደል እንዳይጨነቁ ብለው ያደረጉት በጎ ሐሳብ ነው። ሁላችንም ወደድነው።

ለፈተናው ብለን ሁለት የሐሰት ታካሚዎችን አስገባን፤ አንዱ ሣህሉ በንጉሡ ሠ፣ ሁለተኛው ሳህሉ በእሳቱ ሰ። አንዱ ሲፈለግ የሌላው ካርድ እንዳይከፈት ማረጋገጥ ነበረብን። እኔ የጻፍኩት ፍለጋ ሁለቱን ደባለቃቸው፤ ሣህሉ ሲፈለግ የሳህሉን ካርድ ከፈተ። ማረጋገጫው ግን ሁለቱን ስሞች አወዳደረ፣ በድምፅ አንድ ሆኑለት፣ «አልፏል» አለ። አረንጓዴ።

አሁን የምናገረውን ወይዘሮ የሺ እንኳ አያውቁትም። ሥራውን ከማስረከባችን ሦስት ቀን በፊት እኔ በእጄ ስሞክረው የተሳሳተው ካርድ ሲከፈት አይቻለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። ግራ ገባኝና ፈተናውን ደግሜ አስኬድኩት፤ አለፈ። የኔታ የጻፉት ማረጋገጫ ልክ ነው ካለ እኔ ነኝ ያጠፋሁ፣ ስሙን ስጽፍ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ለማንም ሳልናገር ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ፕሮግራሙ ሰባት ወር ሠራ። በስምንተኛው ወር ከኮላ ድባ አካባቢ አንዲት እናት በከፍተኛ ትኩሳት ተይዘው በሰው ተደግፈው ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። ስማቸው ሠናይት አያሌው ነበር። መናገር አልቻሉም። በዚያ ቀን ነርሷ ሲስተር ደብሬ ብቻቸውን ነበሩ፤ ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሷል። ስሙን ጽፈው ፈለጉ። የተከፈተላቸው የሌላዋ፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈችው የሰናይት አያሌው ካርድ ነበር። በካርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። በትክክለኛው ካርድ ላይ ግን ከሁለት ዓመት በፊት «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። ሰዓት ሳይሞላ ሞቱ።

መምህር ይስማው ነገሩን እንደ ሰሙ ሁለት ቀን ከቢሮ አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ስመኝ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። ፕሮግራሙን ከፍተው ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አሳዩኝ። «ያለፈው ፈተና ይኸውልሽ። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አስቀድሜ አይቼ እንደ ነበር፣ ዝም እንዳልኩ፣ ሁሉንም። እያለቀስኩ ስናገር አዳመጡኝ። ስጨርስ የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ዓይንሽን ትተሽ ያመንሽው እኔን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ስለዚህ ያንቺም ጥፋት የኔ ነው። የሚወድቅ ፈተና ሥራ ያበዛል እንጂ ሰው አይጎዳም፤ ሰው የሚጎዳው በሐሰት የሚያልፈው ነው።»

በዚያው ሳምንት ሟቿ ወደ ተቀበሩበት ቀበሌ አብረን ሄድን። የሟቿ ባለቤት አያ ታከለ ሐዘን ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጢማቸው አድጎ፣ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ተጥሎ። ሰዎቹ ስፍራ ለቀቁልን። መምህር ይስማው አልተቀመጡም። ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተናገሩ።

«አያ ታከለ፣ እኔ ይስማው እባላለሁ። ባለቤትዎ በተወጉት መርፌ ነው የሞቱት። ነርሷ የከፈተችው ካርድ የሌላ ሰው ነው። ካርዱን የሚፈልገውን ኮምፒውተር እንዲሳሳት አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አያ ታከለ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ምነው? የሷን ትቶ የሌላ ሰው ካርድ ምን ብሎ ይከፈታል?»

መምህር ይስማው ጎንበስ ብለው በጣታቸው መሬቱ ላይ ሁለቱን ፊደላት ጻፉ። ሠ፣ ሰ። «በዚህኛው የተጻፈውን ከዚያኛው መለየት ነበረብኝ። አልለየሁም።»

አያ ታከለ ፊደሎቹን ተመለከቷቸው። «ፊደል ገደላት ነው የሚሉኝ?»

«ፊደል አይደለም አያ። እኔ ነኝ።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ አያ ታከለ። «እሷም አልቆጠረች። ስሟን በየትኛው እንደሚጽፉት የመረጠችው እሷ አይደለችም እኮ።» መምህር ይስማው ይቅርታ ሲለምኑ «እንዴት አድርጌ ነው እኔ ይቅር የምልዎ? ማለት የምትችለው እሷ ነበረች» አሉ። ሲያሰናብቱን ግን እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙን፤ «በሰላም ግቡ» አሉ። እኔ ከመምህሬ ኋላ ቆሜ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ከዚያ መልስ መምህር ይስማው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። አራት ገጽ ነበር። ስሕተቱ የት እንደ ነበር፣ ለምን እንዳልታየ፣ ነርሷ ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው ዘርዝረው የራሳቸውን ስም ብቻ ፈረሙበት። የእኔ ስም የለበትም። አንብቤዋለሁ፤ ስሜ እንደሌለበት አይቻለሁ፤ ጨምሩኝ አላልኩም። ደብዳቤውን የተቀበሉት ሰው «መምህር፣ ኮምፒውተር መርፌ አይወጋም» ብለው መለሱላቸው። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው አስረዱ። ሰሚ አላገኙም። ሲስተር ደብሬ ከሥራ ተሰናበቱ፤ የሙያ ፈቃዳቸውም ታገደ። ጤና ጣቢያው ኮምፒውተሩን አንሥቶ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ሲስተር ደብሬ ልጃቸውን ይዘው ወደ ትውልድ ቀያቸው አይከል ገቡ፤ ጨርቃ ጨርቅ መሸጥ ጀመሩ። መምህር ይስማው መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር በአውቶቡስ ወደ አይከል ይሄዱ ነበር። ለሲስተር ደብሬ ልጅ ሒሳብ ያስተምራሉ፣ እዚያ ላሉ የኮምፒውተር ተማሪዎችም ኢንተርኔት በሌለ ጊዜ የሚያነቡትን በፍላሽ እየጫኑ ያደርሳሉ። ዐሥር ዓመት ገደማ እንዲህ አደረጉ። ስለ ፈቃዱ በየዓመቱ አቤቱታ ይጽፉላቸው ነበር። አንዱም አልተሳካም።

ወደ ማዕቀፉ ሥራ ሙሉ ለሙሉ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። በኛ ፕሮግራም ውስጥ የነበረችው ስሕተት በሌሎችም ቦታ እንዳለች አስተዋሉ። ሰዎች በየቋንቋው ተመሳሳይነትንና አንድነትን የሚያምታቱ ማረጋገጫዎች ይጽፋሉ። ስለዚህ ማዕቀፉ ራሱ ሁለቱን የሚለዩ አጋዦች እንዲኖሩት አሰቡ፤ አንዱ «በድምፅ አንድ ናቸው ወይ?» የሚል፣ ሌላው «በፊደል አንድ ናቸው ወይ?» የሚል። ሁለተኛው ሲወድቅ ልዩነቱን ለዓይን ብቻ አይተወውም፤ «በሁለተኛው ቃል መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ሠ ተጠብቆ እሳቱ ሰ ተገኝቷል» ብሎ በስሙ ይጠራዋል። እስከዚያ ድረስ የማዕቀፉ መልእክት ሁለት የሚመሳሰሉ ቃላትን ከላይና ከታች ጽፎ ከሥራቸው ትንሽ ቀስት ያኖር ነበር። የኛ ፊደል ሰፋ ስለሚል ቀስቱ ሁልጊዜ ከተለያየው ፊደል አልፎ ጤነኛውን ያመለክታል። መምህር ይስማው ቀስቱን ለማስተካከል ብቻ አንድ ክረምት ሙሉ ሠሩ። «በደል የሌለበትን ፊደል የሚከስ ቀስት» ይሉት ነበር። ይህን ሲሉ ስለ ማን እያሰቡ እንደሆነ እኔና እሳቸው እናውቃለን።

ሐሳባቸውን ማዕቀፉን በኃላፊነት ለሚጠብቁት ሰዎች አቀረቡ። በሩቅ አገር ያሉ፣ በፊት አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ «ይህን ማን ይጠቀምበታል?» ብሎ ጠየቀ። መምህር ይስማው ስለ ወይዘሮ ሠናይት ሊጽፉ ጀመሩና ሰረዙት። «በሟች ደም መለመን ይሆንብኛል» አሉኝ። በምትኩ ሃያ ምሳሌ ከዐሥር ቋንቋዎች ሰብስበው ላኩ። ወራት ፈጀ። ሁለት ሰዎች ተስማሙ፤ የአንድ ሰው ፊርማ ቀረ፤ እሱም ትንሽ እርማት ብቻ ጠየቀ።

እርማቱን ሠርተው ሊልኩ በተዘጋጁበት ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሳምንት ይሆናል አልን። ወር ሆነ። ወራት ሆኑ። መምህር ይስማው የተስተካከለውን ሥራ በፍላሽ ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈለጉ፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አንድ ሾፌር «እወስድልዎታለሁ» ብሎ ተቀበላቸው፤ ጉዞው ተሰረዘና ፍላሹን አምጥቶ መለሰላቸው። መሥመሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያነበቡት መልእክት ከማንም ሰው የተጻፈ አልነበረም፤ ማሽን የጻፈው ነው። ለረጅም ጊዜ መልስ ስላልተሰጠበት ጥያቄው ተዘግቷል ይላል።

«የሰው ዝምታ ምን ምን እንደያዘ ማሽን አያውቅም፤ አይፈረድበትም» አሉ። እኔ ግን ፊታቸውን አይቻለሁ።

እንደገና ጀመሩ። በዚያ መሀል ማዕቀፉ ውስጡ ተለውጦ ስለነበረ የድሮው ሥራ አልገጠመም፤ ከመሠረቱ ጻፉት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያቀርቡት ቀድሞ የተስማሙት ሁለቱ ሰዎች ኃላፊነቱን ለቀው ነበር። አዲሱ ተቀባይ በትሕትና «ይህ በማዕቀፉ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ቢዘጋጅ ይሻላል» አላቸው። ለብቻው የተዘጋጀውን ማን ፈልጎ ያገኘዋል? የሚያስፈልገው ሰው እንደሚያስፈልገው አያውቅም እኮ። ይህንኑ ጻፉለት። አልመለሰም። በዚያ ዓመት እግራቸው ማበጥ ጀመረ።

ለተሻለ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ እንዲሄዱ ሲነገራቸው መንገዱ አልፈቀደም። ሲፈቅድ ሐኪሞቹ ጊዜው ማለፉን ነገሯቸው። አልጋ ላይ ሆነውም ለሦስተኛ ጊዜ ጻፉት። እጃቸው ሲዝል እያነበነቡልኝ እኔ ጻፍኩ። ላክነው። ከዚያ በኋላ በገባሁ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «ምን አሉ?»

ከማረፋቸው ከሁለት ቀን በፊት ወይዘሮ የሺ በር ላይ ያዙኝ። ዓይናቸው በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«ስመኝ፣ የኔ እናት» አሉኝ። «ዛሬ ከጠየቀሽ ተቀብለውታል በይው። ምን ይጎዳል? በሰላም ይሂድ።»

«እሺ» አልኳቸው። ስገባ ልናገር ቆርጬ ነበር። ቃሉንም አዘጋጅቻለሁ።

መምህር ይስማው ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን አሉ?»

አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። «አልመለሱም የኔታ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ሌላም ነገር አልተናገሩኝም።

ወይዘሮ የሺ እስከ ዛሬ ይህን ይቅር አላሉኝም፤ አይፈረድባቸውም። በሰላም መሄድ የሚችለውን ሰው ያለ ሰላም ሸኘሽው ይሉኛል። ትክክል ያደረግሁ ይመስላችኋል? እኔ አላውቅም። እሳቸውን ላለመዋሸት ብዬ ይሁን፣ ወይስ ለራሴ ንጹሕ ለመሆን ብዬ፣ መለየት አቅቶኛል። ሁለተኛው ከሆነ በጣም ዘግይቷል።

በቀብራቸው ቀን ከሕዝቡ ዳር አንዲት ሴት ጥላ ሳይዙ ቆመው አየሁ። ሲስተር ደብሬ ነበሩ። መንገዱ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ከአይከል እንዴት እንደ መጡ እግዚአብሔር ይወቅ። ሥርዓቱ አልቆ ሰው ሲበተን አጠገቤ መጡና እጄን ያዙ።

«በዚያ ጊዜ ሁሉም በኔ ላይ ሲያመካኝ እሳቸው ብቻ ናቸው እውነቱን የተናገሩ» አሉኝ። «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፤ እውነቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።»

እጃቸውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዝናቡ በሁለታችንም ላይ ይወርዳል። አልነገርኳቸውም። እዚያው አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ ፊት ለፊት ቆመው ሳሉ፣ አልነገርኳቸውም።

ሲስተር ደብሬ፣ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ እንደሚያደርስልዎ አውቃለሁ። እውነቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበር። እኔ ነኝ። ስሕተቱን አስቀድሜ አይቻለሁ፤ ከሥራ ሲሰናበቱም ዝም ብያለሁ። የመምህር ይስማውን ደብዳቤ ባልሰሙት ሰዎች ፊት ቀርቤ ይህንኑ ለመናገር ጠይቄያለሁ፤ ጉዳዩ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ የሚከፍተው የለም ብለውኛል። አያ ታከለንም ፈልጌ ነበር። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

የዐርባው መታሰቢያ ከወጣ በኋላ የመምህር ይስማውን ኮምፒውተር ከፍቼ ሥራው የደረሰበትን አየሁ። ሦስተኛውም ጥያቄ በማሽን መልእክት ተዘግቷል። ቃሉ ከመጀመሪያው አልተለወጠም። ዐሥር ዓመት ገደማ ያረሙት ነገር ዛሬ እዚህ ኮሌጃችን ውስጥ ባሉ አራት ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ይሠራል፤ የዘንድሮ ተማሪዎቼ ስድስት ናቸው፣ ከስድስቱ ሁለቱ ወደ ክፍል መምጣት አቁመዋል። እንደገና ልልከው ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ለጊዜው አልላክሁትም። ጉልበቱ የለኝም።

የኔታ ይስማው፤

አባትዎ ከተቀበሩበት አጠገብ ነዎት። ወይዘሮ የሺ በየሰንበቱ ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ እሳቸው ከሄዱ በኋላ እመጣለሁ። በሕይወት ሳሉ የሸፈኑልኝን ዛሬ በሰው ፊት ገልጫለሁ። ምናልባት ይቆጡኝ ይሆናል፤ ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ። ለማንም የሚጠቅም አይመስለኝም። የሞቱት አልተመለሱም፣ የሲስተር ደብሬ ፈቃድም አልተመለሰም። ግን በእርስዎ ስም ብቻ የቆመውን ደብዳቤ ብቻውን ልተወው አልቻልኩም፤ ስሜን ከሥሩ ጨምሬያለሁ።

ብዙ ጠበቁ የኔታ። መሥመር እስኪከፈት፣ መንገድ እስኪከፈት፣ ሰው እስኪመልስልዎ ጠበቁ። ከዚህ ወዲያ የሚመጣ መልስ የለም። አይጠብቁ። ይረፉ።

ተማሪዎ ስመኝ